ልጄ አይሰማም፤ መደበኛ ክፍል ይግባ ወይስ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት?

እናት ከአያት · ሐሙስ፣ ምሽት 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ምዝገባ ሊዘጋብኝ ስለሆነ ቶሎ ሐሳብ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ መስከረም ላይ 7 ዓመት ይሞላዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማጅራት ገትር ይዞት ነበር። ተመስገን፣ ዳነልኝ። ግን ከዚያ በኋላ ስንጠራው መዞር አቆመ። ሲመረመር በሁለቱም ጆሮው «በጣም ከባድ» ነው ተባልን። የመስሚያ መሣሪያ ገዝተንለታል። በር በኃይል ሲዘጋ፣ ከበሮ ሲመታ ይዞራል። ንግግር ግን አይለይም። ቤት ውስጥ በራሳችን ምልክት ነው የምንግባባው። ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ተኛ። አባቱን ሲፈልግ አገጩን ይዳስሳል፤ ጺም ማለቱ ነው።

ሰፈራችን ያለው የግል ትምህርት ቤት «እኛ አካቶ ትምህርት ነው የምንሰጠው፣ ጉዳት ያለበትም የሌለበትም ልጅ አብሮ ይማራል፣ ምንም ችግር የለም» ብሎ ኬጂን እዚያው ጨረሰ። እህቱም እዚያ ናት። ይወዱታል። ጨዋ ነው ይሉታል። ደብተሩ ሙሉ ነው፣ ጽሕፈቱ ከእህቱ ይበልጣል። ግን የጻፈውን አያውቀውም። «ድመት» ብሎ አሳምሮ ይጽፋል። ከሥዕሎቹ መሃል ድመቷን አሳየኝ ስለው ፊቴን ያያል።

ሌላው አማራጭ መካኒሳ ያለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ከእኛ ሰፈር ሦስት ታክሲ ነው። ባለቤቴ «ልጄን ከሰው አልነጥለውም» ብሏል። አማቴ ደግሞ ምልክት ከለመደ አፉ አይፈታም ትላለች። ምን ትላላችሁ?

---

ደጉ ሰው · ሐሙስ፣ ምሽት 3፡58

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። እዚያው መደበኛው ይቀጥል። ዘመኑ የአካቶ ነው፣ ልዩ ትምህርት ቤት ድሮ ቀረ። ከሚሰሙ ልጆች ጋር ካልዋለ እንዴት መናገር ይለምዳል? ጸበልም አስጠምቂው። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ።

---

ፍቅርተ · ሐሙስ፣ ምሽት 4፡05

ጸበሉም ይሁን፣ የጆሮ ሐኪሙም ይሁን። ሁለቱ አይጣሉም። ግን ምዝገባ ሳያልፍባት ነው የጠየቀችው ወንድሜ።

---

ቀለም በእጅ · ሐሙስ፣ ምሽት 5፡20

እኔ ራሴ መስማት የተሳነኝ ነኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

እህቴ፣ ልጅሽ ሁለት ዓመት የዋለው ትምህርት ላይ አይደለም። ማቆያ ውስጥ ነው። መምህራኑ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ይወዱታል ብለሽ የለ? ደብተሩ ለምን እንደሞላ ልንገርሽ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ይገለብጣል። ፊደል ለእሱ ሥዕል ነው። ይህን ነገር እኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጽሕፈታችን የሚያምረው ሌላ ሥራ ስለሌለን ነው። የሚሰማው ልጅ መምህሩን ያዳምጣል፣ ለጓደኛው ያንሾካሹካል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ተጣድፎ ይጽፋል። እኛ ቁጭ ብለን እንሥላለን። መምህሩ ይመጣል፣ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደርጋል። ወላጅ ያያል፣ ደስ ይለዋል። ልጁም ራይቱን ስለሚወድ ነገ ደግሞ ይገለብጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙን እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያነብ 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አውቃለሁ።

ከንፈር አንብቦ ይረዳል ካሉሽ ደግሞ ይህን ሞክሪ። መስታወት ፊት ቁሚና ድምፅ ሳታወጪ «በላ» በይ። ቀጥሎ «መላ» በይ። ልዩነት አየሽ? «ማር» እና «ባር»ስ? «መራ» እና «በራ»ስ? «ገና» እና «ቀና» ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚያልቁት፣ ከንፈር ላይ ምንም የለም። አማርኛን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይገምታል። ልጅሽ ግን የሚገምትበት ቋንቋ ገና የለውም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ብቻ አይደለም፣ ቋንቋ ነው ያጣው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቃላቱ ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ተኛ ናቸው። «ትናንት» የሚልበት የለውም። «ለምን» ብሎ አይጠይቅም። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

---

ጠመኔ · ዓርብ፣ ጠዋት 1፡15

የመንግሥት ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የማይሰማ ልጅ ተመደበልኝ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አምጥቶ «አካቶ ነው፣ ተቀበል» ብሎኝ ሄደ። ሥልጠና የለ፣ አስተርጓሚ የለ፣ መጽሐፍ የለ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ግማሹ ዝም በሉ፣ ተቀመጡ፣ እርሳሴን ወሰደብኝ ላይ ያልቃል። ለዚያ ልጅ ምን ልስጠው? እውነቱን ንገረኝ ካላችሁ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ እሱም ገለበጠ። «ቀለም በእጅ» የጻፈውን ሳነብ ያን ልጅ አየሁት።

ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ መምህሩ ላይ ባይወድቅ ጥሩ ነው። መመሪያ ላይ አካቶ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፣ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው።

---

የድጋፍ ክፍል መምህርት · ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ነው የተመረቅኩት። አሁን አንድ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ውስጥ እሠራለሁ። ማዕከሉ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ በዙሪያው ላሉት ትምህርት ቤቶችም እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ብሬል ወረቀት፣ የምልክት ቋንቋ መጽሐፍ፣ መጫወቻ፣ ዊልቸር፣ ይህን የመሰለ ዕቃ ይኖረዋል። ዕቃው ሲሟላ ሰው ይጎድላል፣ ሰው ሲመደብ የመንገድ ገንዘብ ይጎድላል። መምህር ጠመኔ፣ ልክ ነዎት፤ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ግን ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ድጎማ ቢያንስ 2 በመቶው ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ እንዲውል መመሪያው ላይ አለ። ወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ «ያቺ 2 በመቶ የት ገባች?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅለት መጠየቅም እንዲሁ።

ወደ እናትየው ልመለስ። እህቴ፣ ኦዲዮግራሙን ያዢው። ያ መስመር የተሠመረበት የመስማት ምርመራ ወረቀት ማለቴ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ዴሲቤል፣ የመስማት ጉድለቱ መጠን ማለት ነው፣ ብዙ ነገር ይወስናል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉድለቱ ይከብዳል። 40 ወይም 50 አካባቢ ከሆነ፣ በጥሩ መሣሪያና በጸጥተኛ ክፍል መደበኛው ትምህርት ቤት ብዙ ርቀት ሊወስደው ይችላል። ከ90 በላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንቺ የገለጽሽው፣ በር ሲዘጋ ይዞራል፣ ንግግር አይለይም ያልሽው፣ ሁለተኛውን ይመስላል። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል እንጂ አያጠራም። ደግሞ በደንብ የሚሠራው ተናጋሪው አንድ ሁለት ሜትር ላይ ሲሆን ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል የወንበር ጩኸቱንም አብሮ ነው የሚያጎላው።

---

የሃና እናት · ዓርብ፣ ቀን 9፡30

እኔ ሌላውን ጎን ልናገር፤ እናቶች እንዳይደነግጡ። የእኔ ልጅ ጆሮዋ ይመግል ነበር። ዓመት ሙሉ እየታከመ እየተመለሰ በመጨረሻ መስማቷ ቀነሰ። መካከለኛ ነው የተባልነው። በሁለቱም ጆሮዋ መሣሪያ አድርጋ መደበኛ ትምህርት ቤት ገባች። አሁን 6ኛ ክፍል ናት፣ ደህና ትማራለች። ልዩ ትምህርት ቤት ባስገባት ኖሮ አይሆናትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን በነፃ አልመጣም። መምህሯን በየዓመቱ መስከረም ላይ ሄጄ አገኛለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ወደ ሰሌዳ ዞረው አያውሩ። መስኮቱን ከኋላዎ አድርገው አይቁሙ፣ ፊትዎ ይጨልምባታል። የቤት ሥራውን በቃል ሳይሆን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ሌላ ልጅ ሲመልስ የመለሰውን ይድገሙላት። አንዳንዱ ይሰማል። አንዳንዱ «እሺ» ብሎ በነጋታው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያወራል። ባትሪ ደግሞ ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ መለዋወጫ አለ። ባትሪ ያለቀ ቀን ትምህርት የለም ማለት ነው።

---

ደጉ ሰው · ዓርብ፣ ምሽት 2፡10

ይኸው! መደበኛ ገብታ ተሳካላት። እኔም ያልኩት ይህንን ነው። «ቀለም በእጅ»ን አከብረዋለሁ፤ ግን ልጅን ከሚሰማው ዓለም ማግለል ነው የሚመክረው። ነገ ሥራ የሚገባው፣ ታክሲ የሚሳፈረው ከማን ጋር ነው? መንግሥት ራሱ የፈረመው ስምምነት አካቶ ነው የሚለው።

---

ቀለም በእጅ · ዓርብ፣ ምሽት 3፡00

ደጉ ሰው፣ ስምምነቱን ካነሣህ እንነጋገርበት። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 24 አካቶ ትምህርት ይላል፣ ልክ ነህ። ግን እዚያው አንቀጽ ውስጥ ወረድ ብለህ አንብብ። መንግሥታት የምልክት ቋንቋ መማርን ያመቻቹ፣ መስማት የተሳናቸውን ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት ያበረታቱ ይላል። ትምህርቱም ለልጁ በሚስማማው ቋንቋና የመግባቢያ ዘዴ ይሰጥ ይላል። የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ይቀጠርም ይላል። ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ጠቅሶ ልጁን 60 ልጅ መሃል ያስቀምጠዋል።

የሃና እናት የጻፉት ልክ ነው፣ አልቃወምም። ልጃቸው ንግግር ትሰማለች። ይህ ልጅ አይሰማም። ሁለቱን አንድ መዝገብ ላይ ጽፎ አንድ መልስ መስጠት አይሆንም።

ስለ ማግለል ያልከው ደግሞ እኔን በደንብ ይመለከተኛል። እስከ 4ኛ ክፍል በምልክት ቋንቋ ተማርኩ። ከ5ኛ ጀምሮ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ተቀላቀልኩ። መቼ ነው የተገለልከው ብትለኝ ከ5ኛ በኋላ ነው የምልህ። አስተርጓሚ አንዳንድ ቀን ይመጣ ነበር፣ ብዙ ቀን አይመጣም። ሁሉም ሲስቅ እስቃለሁ። ምን እንዳሳቃቸው ግን አላውቅም። ያተረፈኝ እስከ 4ኛ የያዝኩት ቋንቋ ነው። እሱን ይዤ ስለገባሁ መጽሐፉን ራሴ አነበብኩ።

---

እናት ከአያት · ዓርብ፣ ምሽት 3፡25

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። የአማቴን ነገር ማንም አልመለሰልኝም። ምልክት ከለመደ አፉ አይፈታም የሚለው እውነት ነው?

---

የድጋፍ ክፍል መምህርት · ዓርብ፣ ምሽት 3፡50

አይደለም። ምልክት ቋንቋ ንግግርን አያግድም። እንዲያውም ቋንቋ የያዘ አእምሮ ሌላ ቋንቋ ለመጨመር ይቀለዋል። የሚያግደው ያለ ምንም ቋንቋ መቆየት ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለቋንቋ ወርቃማ ናቸው፤ የእናንተ ልጅ አልፏቸዋል፣ ስለዚህ መቸኮል ያስፈልጋል። አልዘገየም አልልሽም፣ ግን በሩም አልተዘጋም።

አማትሽን አትቆጪያቸው። ይህን ሐሳብ እሳቸው አላመጡትም። በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ልጆቹ በንግግር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። ያ ውሳኔ አውሮፓንና አሜሪካን ለብዙ ዘመን ገዛ። ልጆች እጃቸው እየታሰረ፣ እየተመታ ተማሩ። ያው ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር ላይ ሲሰበሰብ ነው ውሳኔውን የሻረውና የተጸጸተበት። 130 ዓመት ማለት ነው። አማትሽ በአንድ ምሽት እንዲለወጡ አትጠብቂ።

---

አባት ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ፣ ሌሊት 8፡30

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ወንድ ልጄ እዚሁ ተወለደ፣ አይሰማም። እዚህ ያለውን ስናገር ለማስቀናት አይደለም፤ ምን ምን መጠየቅ እንደሚቻል እንድታውቁ ነው።

እዚህ ሕፃን ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው ይፈተሻል። አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት የሚሉት ደንብ አላቸው። በአንድ ወሩ ፍተሻ፣ በሦስት ወሩ ምርመራ፣ በስድስት ወሩ ድጋፍ መጀመር። ስለዚህ እኛ ነገሩን ያወቅነው ገና ጡት እየጠባ ነው። የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕጉ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬ አይዲኢኤ ይባላል። አይኢፒ የሚባል የግል ዕቅድ በየዓመቱ ይጻፋል። ወላጅ ስብሰባው ላይ ይቀመጣል፣ ይከራከራል። እንግሊዝኛ ካልቻለ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። የሀገራችን ልጆች አፍረው ጎረቤት ይዘው ይሄዳሉ፣ ወይ ታላቅ እህቱን። አታድርጉት። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ለዚህ ክር የሚጠቅመው። ይህ ሕግ ራሱ ልጁን በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር አስተምሩ ይላል። ግን የማይሰማ ልጅ ሲሆን፣ የልጁን ቋንቋ አይታችሁ፣ ከጓደኞቹና ከመምህሩ ጋር በዚያ ቋንቋ በቀጥታ የሚነጋገርበት ዕድል መኖሩን አይታችሁ ወስኑ ይላል። ሰፈሬ ያለው መደበኛ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ ሊሰጠን ፈቃደኛ ነበር። ሄደን አየነው። ልጄ በአስተርጓሚ መምህሩን ሊከታተል ይችላል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ማን ያስተረጉምለታል? ኳስ ሜዳ ላይስ? መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አስገባነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ልጅ ጋር ተጣልቶ መጣ። እናቱ አለቀሰች፣ እኔ ደስ አለኝ። ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል።

የከበደን የእኛው ቤት ነው። እሱ በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ይማራል። እኛ አማርኛ እናወራለን። መስማት ከተሳናቸው 10 ልጆች 9ኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ የልጁን ቋንቋ የሚማረው ወላጅ ነው፤ ልጁ የእኛን አይሰማማ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ክፍል ገባን። እጄ የሾፌር እጅ ነው፣ ደነደነብኝ። ልጄ ጣቶቼን ይዞ ያስተካክልልኛል። አያቱ ከደብረ ብርሃን በቪዲዮ ስትደውል አሁን እኔ ነኝ የማስተረጉመው።

---

ፍቅርተ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡40

ኮክሌር የሚባለው፣ ውስጥ ጆሮ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚገባው የመስሚያ ተከላስ? አንድ ዘመዴ ልጁን ውጭ ወስዶ አስተክሎለታል።

---

አባት ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡15

ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞቹ የሰማሁትን ልበል። ከማጅራት ገትር በኋላ ሲሆን የውስጥ ጆሮው ውስጥ አጥንት እያደገ ሊደፍነው ስለሚችል ቶሎ ነው የሚጣደፉት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሆን መጀመሪያ በምስል መታየት አለበት። ደግሞ ተከላው ብቻውን ንግግር አያመጣም። ከዚያ በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ልምምድ አለ፣ የመሣሪያው ጥገናም አለ። አንገት ሐብል ሸጠው ከመሮጣቸው በፊት ይህን ይጠይቁ። ቢያስተክሉም ባያስተክሉም ልጁ ዛሬ ቋንቋ ይጀምር፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

---

ነጥብ በነጥብ · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህንን የማነበው ስልኬ እያነበበልኝ ነው፤ «ጠመኔ»ን አሳምሮ አነበበው፣ ሌላውን ያንተባትባል።

እኔም መጀመሪያ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። የብሬል መጻፊያዎቹን፣ ስሌትና ስታይለስ የያዝኩት እዚያ ነው። ስሌት ወረቀቱን የሚይዘው ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው። ስታይለስ ትንሽ ወስፌ መሳይ ናት። ወረቀቱን ስሌቱ ውስጥ አስገብተህ ከቀኝ ወደ ግራ ትወጋለህ፣ ገልብጠህ ከግራ ወደ ቀኝ ታነባለህ። አማርኛ ብሬል ላይ ደግሞ ተነባቢና አናባቢው ለየብቻ ነው። ስለዚህ እናንተ በአንድ ፊደል የምትጨርሱትን እኛ ብዙ ጊዜ በሁለት ነው። መጽሐፉ ይወፍራል፣ ጣት ይደክማል። መደበኛ ክፍል ውስጥ ይህን ማን ያስተምርሃል? ስለዚህ «ቀለም በእጅ» ያለው ይገባኛል። መጀመሪያ መሣሪያህን ያዝ፣ ከዚያ ግባ።

ግን ስትገቡ ሙሉውን ጠይቁ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ «ሒሳብ አንተን አይመለከትህም» ተብዬ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ጥላ ሥር እቀመጥ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለእኛ ያለ ሒሳብ ነው፣ ውጤታችን ከ600 ሳይሆን ከ500 ይያዛል። ውለታ የዋሉልን ይመስላቸዋል። በተግባር ግን ተፈጥሮ ሳይንስ ተዘጋብን ማለት ነው። ሌላ አገር ዓይነ ስውር ሒሳብ ተምሮ ፕሮግራም ይጽፋል። ብሬል ላይ የሒሳብ ምልክት አለ። የጠፋው የሚያስተምረው ሰው ነው።

---

ደጉ ሰው · ቅዳሜ፣ ቀን 7፡05

እሺ፣ ይህኛው ክርክር እኔንም አሳመነኝ ልበል መሰለኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ለምን የምልክት ቋንቋውን መደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ አያመጡትም? ልጁ ከሰፈሩ ሳይወጣ?

---

የድጋፍ ክፍል መምህርት · ቅዳሜ፣ ቀን 8፡00

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መንገዱም አለ። መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየ ክፍል ይከፈታል። ትምህርቱ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ዕረፍት፣ ሰልፍ፣ ስፖርት ከሁሉም ጋር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ያላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቁ፣ የትኛው እንደሚቀርባችሁ ይነግራችኋል። ዋናው ነገር አንድ የማይሰማ ልጅ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ቋንቋ ለብቻ አይለመድም። አምስት፣ ስድስት፣ አሥር ልጆች ሲሆኑ ግን መምህሩ ያላስተማራቸውን ሁሉ በዕረፍት ሰዓት እርስ በርሳቸው ይማማራሉ።

የመምህር እጥረቱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል በዲግሪ ያስተምራል። ተመራቂ አለ። በየትምህርት ቤቱ የሥራ መደቡ መኖሩ ነው ጥያቄው።

---

እናት ከአያት · እሑድ፣ ቀን 10፡15

ባለቤቴ ትናንት ማታ ክሩን ሙሉውን አነበበ። ምንም አላለኝም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መስታወቱ ፊት «በላ፣ መላ» ሲል ሰማሁት፤ ድምፅ ሳታወጪ የተባለው ገና አልገባውም።

ሰኞ ሁለቱንም እናያለን። መጀመሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ መካኒሳ። ምን ይዤ ልሂድ? ምን ልጠይቅ? አማቴም አብሬ እሄዳለሁ ብላለች። ይሁን ወይስ ይቅር?

---

ቀለም በእጅ · እሑድ፣ ምሽት 1፡30

ትምጣ! የማይሰሙ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ሲጫወቱ ትይ። የዕረፍት ሰዓታቸውን ጠይቂና በዚያ ሰዓት ድረሱ።

ክፍል ውስጥ ግቢና መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ተመልከቺ። አንድ ልጅ ሳይጠራ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል? ሁለቱ ከኋላ ሆነው ያወራሉ? የሚያወሩ ከሆነ ደስ ይበልሽ። መምህሩ በምልክት ተረት መናገር ይችላል ወይስ ቃል ብቻ እያሳየ ነው? መስማት የተሳነው መምህር አለ? ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጅሽ አንድም ያደገ መስማት የተሳነው ሰው አይቶ አያውቅ ይሆናል። እኔ ልጅ ሆኜ ስናድግ መስማት የምንጀምር ይመስለኝ ነበር፤ ያደገ የማይሰማ ሰው አይቼ አላውቅማ።

ለወላጆች የምልክት ቋንቋ ትምህርት ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ጋም ጠይቂ። ከጣት ፊደል ጀምሩ። ለአንቺ ቀላል ነው፣ ሀ ሁ ሂን ታውቂያለሽ። የእጅ ቅርጹ «መ» ቤት መሆኑን ይነግርሻል፣ እንቅስቃሴው ሙ ይሁን ሚ፣ ማ ይሁን ሜ ይለይልሻል። ሰባቱም አሉ። እህቱ ከሁላችሁም ቀድማ እንደምትይዘው አትጠራጠሪ። ስሙን በጣት ፊደል እንድትጽፍለት አድርጉ።

---

የድጋፍ ክፍል መምህርት · እሑድ፣ ምሽት 2፡00

ከወረቀቱ በኩል እኔ ልጨምር። የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ ኦዲዮግራሙ ኮፒና ዋናው፣ የማጅራት ገትር ሕክምና ማስረጃው ካለ እሱም። የመስሚያ መሣሪያውን አድርጎ ይምጣ። ዓይኑንም አስመርምሪለት፤ የማይሰማ ልጅ በዓይኑ ነው የሚኖረው። የኬጂ ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። መምህራኑ አይተው ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። 1ኛ ክፍል ሳይሆን ከዚያ በታች ይጀምር ቢሉሽ አትከፊ።

ለትራንስፖርቱ ደግሞ ከአያት፣ ከሲኤምሲና ከገርጂ የሚመጡ ሌሎች ወላጆች ካሉ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ። ተጣምረው አንድ መኪና የሚከራዩ አሉ።

---

ጠመኔ · እሑድ፣ ምሽት 2፡45

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ልጅ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል አልፏል፤ ራይቱ ብዙ ስለሆነ አሳለፉት። ወላጆቹ የቀን ሥራ ነው የሚሠሩት፣ ስልክ እንጂ ኢንተርኔት የላቸውም። ይህን ሁሉ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

---

የድጋፍ ክፍል መምህርት · እሑድ፣ ምሽት 3፡05

መምህር፣ ትምህርት ቤቱንና ክፍለ ከተማውን በግል መልእክት ይላኩልኝ። ከእኛ ማዕከል ስር ከሆነ እኔ ራሴ መጥቼ ልጁን አየዋለሁ። ካልሆነም ማን ጋ እንደሚደወል አጣራለሁ። ወላጆቹን ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው ማግኘት የሚሻለው። እሑድ ጠዋት ይሆናቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

---

ወላይታ ሶዶ · ሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

አዲስ አበባ ለሌለንስ? የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፣ አትሰማም፣ ጭራሽ ትምህርት ቤት አልገባችም።

---

ቀለም በእጅ · ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ሆሳዕና መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የከፈተችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ። ከሶዶ ሩቅ አይደለም። ግን ሶዶም ራሱ ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ይኖር እንደሆነ መጀመሪያ የዞኑን ትምህርት መምሪያ ጠይቁ። ለማደሪያ ክፍት ቦታ መኖሩን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ልጅቷን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ዕድሜዋ 9 ነው ብላችሁ ደግሞ «አልፏታል» የሚላችሁን አትስሙ። የእሷን ኦዲዮግራም አስነሥታችኋል?